ወደ ኋላ የምትሰግድ ወፍ

ባለፈው እንቁጣጣሽ የልጅ ልጄ ሰላም ከባሕር ዳር ስትመጣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የዘመን መቁጠሪያ ይዛልኝ መጣች። እኔ የበዓላቱን ቀን በልቤ ነው የማውቀው፤ ግን ልጅ ያመጣውን አይንቁም ብዬ ተቀበልኋትና ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። የጥቅምት ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እግራቸው የቀላ ረጃጅም ወፎች አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ ዘቅዝቀው ቆመዋል። "እነዚህን ከቤቴ አውጪልኝ!" አልኋት። ልጅቱ ደነገጠች። "እማማ፣ ፍላሚንጎ እኮ ናቸው! ምን አደረጉዎት?" አለችኝ።

ሰላም በቀላሉ የምትተው ልጅ አይደለችም። ከወፎቹ ጋር ልታስታርቀኝ ይመስል ጎኔ ቁጭ ብላ ስለ አኗኗራቸው ታወራልኝ ጀመር። ያ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጉልበታቸው አይደለም አለችኝ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ነው። እውነተኛው ጉልበት ከላይ ላባው ውስጥ ተደብቋል፤ የሚታጠፈውም እንደ ሰው ወደ ፊት ነው። ጫጩታቸው ሲፈለፈል ግራጫ ነው፤ እያደር የሚያቀላው ከጭቃው እያጠለለ የሚበላው ነገር ነው። "የሚበሉት ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው፣ እማማ" ስትለኝ አፌን ያዝሁ። ወይ ጉድ! የሚበላ ነገር ፍጥረትን ምን እንደሚያደርግ ለእኔ ልትነግረኝ! ልጅቱ ምን ታድርግ፣ አታውቅም። የምታውቁት እናንተ እኩዮቼ ናችሁና ለእናንተ ልንገራችሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከወረታ ቁልቁል ወደ ጣና በተዘረጋው ሜዳ ላይ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ፎገራን ያየ ያውቀዋል፤ ድንጋይ ተፈልጎ የማይገኝበት፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ፣ በክረምት እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ጥቁር አፈር ነው። ሰኔ ግም ሲል የአፈሩ ሽታ ከከብቱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ቤት ድረስ ይገባል፤ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሰው አያስተኛም። እኛ ልጆች ጭቃውን እያድቦለቦልን ሻኛው የደለበ በሬ እንሠራ ነበር፤ ቀንዱን ከመቃ ስንጣሪ እናበጅለታለን። አባቴን ወባ ስለ ወሰደው ቤታችን ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ፈንታ። እናቴ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ልጆች ሁሉ ሞተውባት ስለ ነበር "የእነሱ ፈንታ" ብላ ነው ስሙን ያወጣችለት። እኔ "አያ ፈንታ" እለዋለሁ፤ እሱ ስሜን "ጥሩ" ብሎ ይጠራኛል። ጢሙ ሳያጎነቁል የአባቴን ሞፈር ተሸከመ። እኔና እናቴ የቆምነው በእሱ እግር ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ከልኩ አለፈ። ከወዲህ ርብ ሞላ፣ ከወዲያ ጣና ገፋ፤ ጤፉ ገና ቡቃያ ሳለ ውሃ ዋጠው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በር ላይ ቆማ ስታይ ትዝ ይለኛል፤ አላለቀሰችም። አያ ፈንታ ነገር ሁሉ ወደ ቀልድ የሚዞርለት ልጅ ነበርና "ዘንድሮ የምናጭደው ዓሣ ነው" አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ውሃው ሳይሸሽ ጥቅምት ገባ። አንድ ጧት ብንነሳ ማሳችን ላይ ያለው ውሃ ቀልቷል። ሽመላ እናውቃለን፣ ይብራ እናውቃለን፤ እነዚህን ግን ከሽማግሌ ጀምሮ ያየ ሰው አልነበረም። የመንደሩ ሰው ሁሉ እየወጣ ዳር ዳሩን ቆሞ ጉድ አለ። እግራቸው ከአንድ ልጅ ቁመት ይበልጣል፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከብብቱ እሳት፣ ከጫፉ ጥላሸት ነው። ሲነሱ ወዲያው አይበሩም፤ መጀመሪያ ውሃው ላይ እየረገጡ ይሮጣሉ። ሲተኙ በአንድ እግር ቆመው፣ ጭንቅላታቸውን ጀርባቸው ላይ አጣጥፈው ነው። ድምፃቸው ከመልካቸው አይገጥምም፤ የተጣሉ ባልቴቶች ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ።

የሁሉንም ቀልብ የሳበው አበላላቸው ነው። ሌላ ወፍ ይለቅማል፣ ይነክሳል፣ ይውጣል። እነዚህ ግን አንገታቸውን ወደ ታች ይለቁና ጭንቅላታቸውን ገልብጠው፣ አናታቸው ወደ ምድር ሆኖ፣ ያንን ቆልማማ ምንቃራቸውን ጭቃው ውስጥ ግራ ቀኝ ይጎትቱታል። ጉሮሯቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ውሃው በአፋቸው ዳርና ዳር ይንጠባጠባል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዱን ስፍራ ይይዙና በእግራቸው ጭቃውን ይረግጣሉ፤ እየረገጡ ይዞራሉ፣ እየዞሩ ይረግጣሉ። ሲለቁት መሬቱ ላይ ክብ ጉድጓድ ይቀራል። ነጭ ጤፍ ቢያገኙም እንዲህ አይጠነቀቁለትም።

ሌላው ሰው ዳር ቆሞ ሲያማትብ አያ ፈንታ እኔን ትከሻው ላይ አውጥቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ፀጉሩን ጨምድጄ እንደያዝሁ ትዝ ይለኛል፤ ላብና ቅቤ ይሸታል። ወፎቹ ትንሽ ፈቀቅ እያሉልን ሥራቸውን ቀጠሉ። እሱም ከተዉት ጉድጓድ አንዱ ውስጥ ቆመና እንደ እነሱ ይረግጥ ጀመር፤ ጉልበቱን ሰበር፣ በጣቱ ቆም፣ ዞር! ከጭቃው የዝሃ ያህል የቀጠኑ ትሎችና ዓይን የማይሞሉ ፍጥረቶች ተግተልትለው ወጡ። "አየሽ ጥሩ፣ አፋቸው ወንፊት ነው። ጭቃውን ይተፋሉ፣ ፍሬውን ያስቀራሉ" አለኝ። ከዚያ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ የወፎቹን አረማመድ ለሰው ሁሉ አሳየ። በዚያ በተከፋ ወቅት መንደሩ ያን ቀን ሳቀ። እኔም ከትከሻው ላይ ሆኜ አገሩን የገዛሁ መስሎኝ ነበር።

ያልሳቁት የደብሩ ቄስ መምሬ ታረቀኝ ብቻ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወፎቹን ለረጅም ጊዜ አዩና እናቴን ጠሩ። "አንቺ፣ ልጅሽን ከዚያ አውጪ። እግዜር የፈጠረው ሁሉ ወደ ፊቱ ይሰግዳል፤ ይቺ ግን ጉልበቷ ወደ ኋላ ነው። ተዘቅዝቃ የምትበላ ወፍ ያረፈችበት አገርም መዘቅዘቁ አይቀርም" አሏት። "ኧረ በሥላሴ፣ መምሬ፣ እንዲህ አይበሉኝ!" አለች እናቴ። መምሬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያዩት ጎርፍ አስፈርቷቸው ነው። እናቴ ግን ያን ቀን ወንድሜን በጩኸት አስወጥታ እግሩን በጠበል አጠበችው። ወፎቹም ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጧት ተነስተው ሄዱ።

ውሃው ሲሸሽ የሚዘራ ያው ጓያ ነው። ጓያ ምን ይለዋል? ጭቃ ላይ በትነውት ቢሄዱ ይበቅላል፤ ዝናብ ቢቀር አይገደውም፣ ማረም አይል፣ መጎልጎል አይል። እናቴ ወፎቹ የረገጡትን ጥግ ሳይዘራ አስተወችው፤ የቀረውን አያ ፈንታ ዘራው። ማሳው በታኅሣሥ ሰማያዊ አበባውን አበበ፣ በጥር እሸቱ ደረሰ፣ ከዚያ ጎተራችን ጓያ ብቻ ሆነ። ጧት የጓያ ቂጣ፣ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ሽሮ። ሌላ ምንም የለ። ጎረቤትም እንዲሁ ነው፤ ማን ከማን ይበደራል?

ጓያ እግር እንደሚሰብር የማያውቅ የፎገራ ሰው አልነበረም። የሰበራቸውን ሰዎች በየደጀ ሰላሙ እናያቸዋለን። ግን በምን እንደሚሰብር የሚነገረን ሌላ ነበር። እንፋሎቱ ነው ይሉናል፤ ሲፈላ አጠገቡ የተቀመጠ ይሰበራል። ጤዛው ነው ይሉናል፤ በጧት ማሳውን ያቋረጠ ይሰበራል። ገለባው ላይ የተኛም ወዮለት። እናቴ ይህን ሁሉ እንደ ጾም ጠበቀችው። ጓያ የምትቀቅለው ደጅ፣ ነፋሱ ወደ ማዶ ሲሆን ነው፤ አያ ፈንታ ከጓሮ ብቅ ካለ "ሂድ ወዲያ! እንፋሎቱ እንዳያገኝህ!" ብላ ታባርረዋለች። አጨዳው ላይ እንኳ ጤዛው ጠፍቶ ፀሐይ ካልጠነከረ ማሳ አታስገባውም። ውቂያውን በደቦ አስወቅታ ገለባውን ራሷ ተሸክማ አወጣች።

ንፍሮው ሲበርድ ታዲያ "ና ልጄ፣ አሁን ብላ" ትለዋለች። ትልቁ ሳህን የእሱ ነው። አራሽ ነዋ! ለእኔ በጣባ ትሰጠኛለች፤ ለራሷ ድስቱ ላይ የቀረውን ጠራርጋ ነው። ጠግቤያለሁ ቢል አትሰማውም፤ ቂጣውን በሽሮ እያጠቀሰች፣ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለች ታጎርሰዋለች። እኔ እቀና ነበር። ለምን ለእሱ ብቻ ብዬ አኩርፌ ሳልበላ ያደርሁበት ቀን አለ፤ እናቴም "አንቺ አታርሺ" አለችኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህን ነው።

ክረምቱ ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት እርሻ ስሄድ በሬዎቹ ሞፈሩን ብቻቸውን ሲጎትቱ አየሁ። አያ ፈንታ ፈሩ ላይ በእጁ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። "ጥሩ፣ እግሬን ያዥልኝ፤ ተሳሰረብኝ" አለኝ። ያዝሁለት፤ ባቱ እንደ እንጨት ደርቋል። ተደግፎኝ ቤት ገባ። በነጋታው ተነሳ፤ ግን ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። በጣቱ ቆሞ፣ ጉልበቱን ሰብሮ፣ እግሩን እያጣመረ ተራመደ። ጎረቤት ሁሉ ደጃችን ቆሞ ያይ ነበር። ያን አረማመድ ሁሉም ከዚያ በፊት አይቶታል፤ ጥቅምት ላይ ውሃው ውስጥ።

መጀመሪያ "ጓያ ሰብሮት ነው" ያለ ነበር። እናቴ እንደ አራስ ነብር ተነሳችበት። "እንፋሎቱን አሽትቶት አያውቅም! ጤዛውን ረግጦት አያውቅም! ገለባ ላይ ጎኑን አሳርፎ አያውቅም! ከፈለጋችሁ እምላለሁ!" አለች። እውነቷን ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያያት ከርሟል። ታዲያ ጓያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ወፏ ናት። አረማመዷን ተጫወተባት፣ እሷም አረማመዷን ሰጠችው ተባለ። መምሬም አንገታቸውን ደፍተው "ብያለሁ" አሉ። ከዚያ ወዲያ በመንደራችን ሌላ ቃል አልተነገረም።

እናቴ በቅሎ ለምና ጣራ ገዳም ጠበል ወሰደችው፤ እኔም ከኋላ እየሮጥሁ ተከተልሁ። ያ ጫካ፣ ያ ቅዝቃዜ፣ ያ የወይራ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። በየጧቱ ሰዎች ደግፈው ጠበሉ ሥር ያስገቡታል፤ እሱ ጥርሱን እየነከሰ "ሳልድን በብርድ እንዳልሞት" ብሎ ያስቃል። ማታ ደግሞ እናቴ አቁማዳዋን ፈትታ ስንቁን ታወጣለታለች። የጓያ ቆሎ ነበር። "ብላ የኔ ጌታ፣ አቅም ያስፈልግሃል" ትለዋለች። ሱባኤያችንን ጨርሰን ስንመለስ በአንድ በትር የሄደው ልጅ ሁለት በትር ይዞ ነበር።

የታጨችለት ልጅ ነበረች። አባቷ ሽማግሌ ልከው "ሲድን እንነጋገራለን" አሉና በዓመቱ አንበሳሜ ዳሯት። አያ ፈንታ ያን ቀን አንድም አልቀለደም፤ ከዚያም በኋላ ቀልዱ እየሳሳ ሄደ። በሬዎቻችንን ወስዶ መሬቱን በእኩል የሚያርስልን አጎቴ ሆነ። ወንድሜም ጥላ ሥር ተቀምጦ ገመድና ጅራፍ እየገመደ፣ በገበያ ቀን በአህያ እየተጫነ ወረታ መሸጥ ጀመረ። እናቴ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ውሃው ዳር ትወጣና፣ ወፎቹ ኖሩም አልኖሩም፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትረግማቸዋለች። "የልጄን እግር እንደ ሰበራችሁ እግራችሁ ይሰበር! ማረፊያ እጡ!" እኔም ከጎኗ ቆሜ በሙሉ ልቤ "አሜን" እላለሁ።

እኔ አድጌ ወረታ ገባሁ፤ ባል አገባሁ። አንድ የገበያ ቀን አያ ፈንታ በሁለት በትሩ እየተጎተተ ቤቴ መጣና "በሩን ዝጊው" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። የጤና ሰዎች ገበያው ዳር እግራቸው የተሰበረውን እየሰበሰቡ ሲጠይቁ እሱንም ጠይቀውት ኖሯል።

"ወፏ አይደለችም" አለኝ።

"ምኗ?"

"እግሬን የሰበረችው። እንፋሎቱም አይደለም፣ ጤዛውም አይደለም። መብላቱ ነው። ሌላ ሳይቀላቅል ወራት ሙሉ እሱን ብቻ የበላ ነው የሚሰበረው፤ ይልቁንም ሥራ የሚበዛበት ጎረምሳ። ብዙ በልተሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"ምን አልሃቸው?"

"ምን እላለሁ? እናቴ ትወደኝ ነበር አልኋቸው።"

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እሱ ግን አላለቀሰም። ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ስሚኝ ጥሩ። ስታጎርሺኝ ነው የሰበርሽኝ ልበላት? በገዛ እጇ? ትሞታለች እኮ። ወፎቹን ትራገም፤ እነሱ እርግማን አይገድላቸውም። በአባታችን አጥንት፣ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለኝ። ማልሁለት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከወፎቹ ጋር ያላትን ጠብ ዕድሜዋን ሙሉ ተጣላች። እኛም ዕድሜዋን ሙሉ አሜን አልናት። ጓያ ብቻውን በምንም ቀን ቤቷ እንዳይበላ ብቻ እኔ ከወረታ ዳጉሳም ጤፍም እየላክሁ፣ እሱም "ጓያ ጨጓራዬን አቃጠለኝ" እያለ አስተዋት። ትንሽ ቅር ብሏት ነበር፤ "እንዲያ ወደህ ስትበላው አልነበረም?" ትለው ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ገመዱ ይመልሳል።

ስትሞት እኔም እሱም አጠገቧ ነበርን። ለመጨረሻ ጊዜ እግሩን ዳበሰችና "እነዚያ ወፎች" ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሽማግሌ "አይ፣ ያቺ ወፍ ያላደረገቻት የለም" ሲሉ አያ ፈንታ ጥቁር ኩታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ "አዎ አባቴ፣ ወፏ ናት" ብሎ መለሰ። ሰው ሲበተን "አሁንማ ለማን ብለህ ነው?" አልሁት። "አጥንቷ ይረፍ እንጂ" አለኝ። እሱም በተራው ሄዶ ከእግሯ ሥር ተቀብሯል።

ዛሬ ያ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሩዝ ነው። ውሃው ሲመጣ ማልቀሱ ቀርቶ ደስ ይባላል። የዛሬ ልጆች ጓያን በስም ነው የሚያውቁት፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ ብቻውን እንደማይበላ ያውቃሉ። አንድ ሰው ሲታመም በምን እንደ ታመመ በዕለቱ ይነገረዋል። መልካም ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔም ሰላም ያመጣችልኝን መቁጠሪያ አላስጣልሁትም፤ ወፎቹ ዕዳ የለባቸውም። ግን እኩዮቼ ሆይ፣ በየመንደራችሁ በጣቱ የሚራመድ አንድ ሰው፣ ያንን ሰው "ብላ በሞቴ" ያለች አንዲት እናትም እንደ ነበረች ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ ፊደል የለየሁት ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ይኸው ለወንድሜ የማልሁትን በዚያው ፊደል አፈረስሁት። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ተመስገን።